ቀድሞኝ ሎጊያ የገባው መኮንንነት

መኮንን የመሆን አባዜ የያዘኝ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር ቆሞ ሰዉ ሻንጣውንና ዶሮውን ይዞ እየተጋፋ ሲወርድ፣ ከመሃል አንድ መቶ አለቃ ወረደ። ካኪ ልብሱ ገና ከካውያ የወጣ ይመስላል፣ ጫማው ፊት ያሳያል፣ ትከሻው ላይ ያሉት ሁለት ኮከቦች ፀሐዩን እየመለሱ ዓይን ይወጋሉ። እኔን የገረመኝ ግን ኮከቡ አልነበረም። ሰውዬው አላላበውም። አዋሽ ላይ፣ በሰኔ፣ በስምንት ሰዓት፣ ፍየሎቹ እንኳ ጥላ ፍለጋ ፉርጎ ስር በተጋደሙበት ሰዓት፣ ግንባሩ ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። ቀጥ ብዬ ቆሜ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠሁት። እሱም ሳይስቅ፣ ለእኩያው እንደሚያደርገው አድርጎ መለሰልኝ። በቃ፣ ከዚያች ቀን ወዲያ ሐኪም መሆንም መሐንዲስ መሆንም ከእኔ ዘንድ ቀረ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ወታደር የሌለበት ሰልፍ፣ ወታደር የሌለበት ራዲዮ፣ ወታደር የሌለበት ግድግዳ አልነበረም። እኔ ግን የምፈልገው ወታደርነትን አልነበረም፤ ያንን ያላላበውን ሰውዬ ነበር። ማንም እስኪሾመኝ ሳልጠብቅ መኮንንነቱን በራሴ ጊዜ ጀመርኩት። ጠዋት ጠዋት በሐዲዱ መሃል "ግራ ቀኝ ግራ" እያልኩ ወደ ድልድዩ እሄዳለሁ። ከገደሉ ወጥተው የእናቴን ምግብ ቤት ትራፊ የሚለቅሙትን ዝንጀሮዎች በረድፍ ላሰልፍ ሞክሬ፣ አንዱ አውራ ዝንጀሮ ጥርሱን ቢያሳየኝ ግዳጄን ጥዬ የሸሸሁትም እኔው ነኝ። ሰላምታ ያልሰጠሁት የለም፤ ለባቡሩ፣ ለኬላው ጠባቂ፣ ለውሃ ቦቴው። እናቴ ምሳ ስታቀርብልኝ ተረከዜን አጋጭቼ እቀበላት ነበር። እሷም ወጡን ጨለፍ እያደረገች፣ ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው ትለኛለች።

እናትና አባቴ ከወሎ የወረዱ ናቸው። አባቴ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይለጥፋል፣ ጎማ ይነፋል። የአሰብ መንገድ መኪና ሲበዛ እንጀራውን ተከትሎ ወደ ሎጊያ ወረደ። እናቴ ግን አዋሽ ላይ ቀረች። አዋሽ ራሱ ጀሀነምን ያስናቀ ነው፣ ሎጊያ ደግሞ በረንዳው ነው ብላ በአንድ ቃል ጸናች። እሱ በአረፋና በረመዳን መጨረሻ ይመጣል፣ እሷ በሚያልፍ መኪና ሁሉ በርበሬና ቡላ ትልክለታለች። ትዳራቸው በሾፌሮች እጅ የሚተላለፍ ትዳር ነበር፣ ግን ደህና ትዳር ነበር።

የማትሪክ ውጤቴ ሲመጣ ኮሌጅ የሚያስገባ ነጥብ ሆኖ ተገኘ። ጮቤ ረገጥኩ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ለጦሩ የሚመለምሉ ሰዎች ቀበሌ መጡ፤ አስራ ሁለተኛ የጨረሰ ወጣት በፈቃዱ ቢመዘገብ፣ ጥቂት ጊዜ በተራ ወታደርነት አገልግሎ ጎበዝ ሆኖ ከተገኘ፣ ለእጩ መኮንንነት ይመረጣል አሉን። እንደገና ጮቤ ረገጥኩ። ወዲያው ግን እግሬ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ሁለት መንገድ ነው፣ ሁለቱም ኮከብ ጋ ያደርሳል፣ በሁለቱም መሄድ ግን አይቻልም። የመልማዮቹ መኪና ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአዋሽ ይነሳል፤ ኮሌጁም የሚጠራን በዚያው ሰሞን ነው። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ከመጠምጠም መማር ይቅደም አሉኝ። በዲግሪ የገባ ሰው ኮከቡን በሩ ላይ ነው የሚጭኑለት፣ በተራ የገባ ግን ኮከቡን ሲያሳድድ ጉልበቱ ያልቃል አሉኝ። እውነት ነው አልኩ። ከቢሯቸው ወጥቼ መልማዩን ሳገኘው፣ በጦር ሜዳ ያልበሰለ መኮንን ወረቀት ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል አለኝ። ይሄም እውነት ነው አልኩ። ጠዋት ኮሌጅ ነኝ፣ ከሰዓት ጦር ነኝ። አንድ ቀን ጭራሽ ራሴን ተላጭቼ ስመጣ እናቴ መጥበሻውን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ሁለት ባላ ትከል ሲሉህ፣ ሁለት ቦታ ተተከል ማለታቸው አይደለም" አለችኝ። "ሂድና አባትህን ጠይቅ። የሱን ምርቃት ሳትይዝ በየትኛውም በር አትወጣም።"

ስለዚህ ወደ ሎጊያ መሄዴ ሆነ። እናቴ የምታውቀው አንድ ሾፌር ባዶውን ወደ አሰብ ሊወርድ ነበርና ጋቢና ውስጥ ቦታ ሰጠኝ። ልንነሳ ስንል ለእናቴ ፍየል የሚያቀርቡት የአፋር አባት መጡ። ሽርጣቸውን ሰብስበው ከበረንዳው ጥላ ስር ቁጢጥ አሉና እኔንም ቁጭ በል አሉኝ። ዳጉ ሊቀበሉኝ ነው።

ዳጉ ለማያውቀው ሰው ወሬ ይመስለዋል፤ ወሬ ግን አይደለም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ቢቸኩሉም ባይቸኩሉም፣ ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይናገራል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ሞተ፣ ገበያው እንዴት ዋለ፣ የማን ግመል ጠፋች፣ ቀለሟስ ምን ነበር። ያየኸውን አየሁ ብለህ፣ የሰማኸውን ከእገሌ ሰማሁ ብለህ ትለያለህ። አትጨምርም፣ አታስቀርም። ዳጉ ያጎደለ ሰው ጎሳው ይቀጣዋል፣ ከዚያም በኋላ የሚያምነው አያገኝም። የተቀበለው ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። እኔ በዚህ ውስጥ ስላደግሁ ከሰላምታ ለይቼ አላየውም ነበር።

ውጤቴን ነገርኳቸው፤ ኮሌጅ ልገባ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ መኮንን እንደምሆን፣ አሁን ወደ አባቴ እየሄድኩ እንደሆነ ነገርኳቸው። ቆርጠህ ነው ወይ አሉኝ። ቆርጬ ነው አልኳቸው። አልዋሸሁም፤ ቁርስ ላይ ቆርጬ ነበር። መርቀውኝ ተነሡ።

ጋቢናው ውስጥ ከእረፍት ወደ ጦሩ የሚመለስ አንድ ሃምሳ አለቃ አብሮን ተሳፈረ። ጢሙ ወፍራም፣ ሳቁ ከጢሙ የወፈረ ሰው ነው። ገና ከአዋሽ ሳንርቅ ነገሬን ሁሉ አወጣጣኝ፤ ለማውጣትም አልደከመም። ኮሌጅ ስለው ወንበሩን በጥፊ እየመታ ሳቀ። በመጽሐፍ የመጣ መኮንን ካርታውን ገልብጦ ይይዛል፣ ሰሜኑን ደቡብ ብሎ ሻለቃ ጦሩን ሙሉ ጠላት እጅ ይጥላል አለኝ። ወታደር የሚወደው አብሮት ኮቾሮ፣ ያንን ደረቅ የጦር ብስኩት፣ የቆረጠመውን ነው አለኝ። እኔ ራሴ ሳልማር ቀርቼ እንጂ ዛሬ ሻምበል ነበርኩ ብሎም ደመደመ። ይህቺ የመጨረሻዋ ቃሉ ከፊት ያለውን ሁሉ እንደምታፈርስ ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ግን ገዋኔ ስንደርስ ደሜ ፈልቶ፣ በምሳ ቤቱ ወንበሮች መካከል የመሣሪያ አያያዝ እያስተማረኝ ነበር፤ መሣሪያው መጥረጊያ ነው።

ሾፌሩና ሃምሳ አለቃው ሲያሸልቡ ወጥቼ ከግራር ስር ቆምኩ። አንድ ግመል የሚነዳ የእኔ እኩያ አፋር መጣና ቁጭ አለ። እኔም ቁጭ አልኩ። ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ጦር ልገባ ነው፣ በተራ ወታደርነት እጀምራለሁ፣ መኮንን እሆናለሁ፣ አሁን ወደ አባቴ ልነግረው እየሄድኩ ነው። ቆርጠህ ነው አለኝ። ቆርጫለሁ አልኩት። ይሄም እውነት ነው፤ ምሳ ላይ ቆርጬ ነበር።

ሚሌ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የመኪናችን ባሌስትራ ተሰበረ። ሃምሳ አለቃው ጀርባዬን መታ አድርጎ፣ በርታ ብሎኝ፣ በሌላ መኪና ሄደ። እኔና ሾፌሩ መለዋወጫ እስኪመጣ ጥቂት ቀናት መንገድ ዳር ሰፈርን። እሱ በሽንኩርትና በቲማቲም መኮሮኒ ይቀቅላል፣ እኔ ለሚያልፈው መኪና ሁሉ ሰላምታ እሰጣለሁ። ከጭነቱ ላይ የተቀመጡ አፋሮች እጃቸውን ያወዛውዙልናል። እኔም አወዛውዝላቸዋለሁ፤ ጭነቱ ላይ የእኔም ነገር አብሮ መቀመጡ ትዝ አላለኝም። እዚያ መንገድ ዳር ደግሞ ሁለቴ ኮሌጅ ገብቼ ሁለቴ ወጥቻለሁ። አላህ ሲጠብቀኝ ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ሎጊያ ስንገባ ከመኪናው ገና አንድ እግሬን ሳወርድ፣ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ አንዱ ተማሪው መጣ አለ። ከማዶ ደግሞ ሌላው ወታደሩ መጣ አለ። ሁለቱም አዩኝ፣ እርስ በርሳቸው ግን አልተያዩም።

ነገሩን ሾፌሩ አጣርቶ መጣ፤ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ ነው የነገረኝ። አንደኛው ሰው ጠዋት አባቴ ዘንድ መጥቶ ልጅህ ኮሌጅ ሊገባ ነው፣ ቆርጧል ብሎ ዳጉ አደረሰ። አባቴ ሻይ ጋበዘው። ማታ ላይ ሁለተኛው መጥቶ ልጅህ ጦር ሊገባ ነው፣ ቆርጧል አለ። አባቴ ሻዩን አዘዘ፣ ግን ራሱ አልጠጣም። ሁለቱ ሰዎች አማቾች ናቸው፣ አንዱ የሌላውን እህት ያገባ። የማን ዳጉ ነው ትክክል በሚል ተነጋግረው፣ አንተ ዋሸህ፣ የለም አንተ ነህ ወደ መባባል ደረሱ። አፋርን ዳጉ አበላሸህ ማለት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሰላምታ ካቆሙ ሰንብተዋል፣ ሴትየዋም ወደ እናቷ ቤት ልትሄድ ጓዟን ሸክፋለች። ይህ ሁሉ የሆነው እኔ ሚሌ አጠገብ መኮሮኒ እየበላሁ ሳለ ነው።

አባቴ ጎማ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት። ሳመኝ፣ የተላጨ ራሴን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ምንም አላለም። አባቴ በጠቅላላው ምንም የማይል ሰው ነው። ያኔ ብዙ ሰው ዝምታን ተምሮ ነበር፤ እሱ ግን ማንም ሳያስተምረው የተካነበት ነው። ስለ መንግሥት ቀርቶ ዘንድሮ ይዘንባል ወይ ብለህ ብትጠይቀው ግራና ቀኝ አይቶ አላህ ያውቃል ይልሃል። ያን ቀንም ያለኝ ነገር ቢኖር ብላ ነው።

ከአስር ሶላት በኋላ ሰዎቹ ተሰበሰቡ። በአባቴ ጎሚስታ ጎን ሞተሩ የወጣለት አሮጌ መኪና ቆሞ ነበር፣ ከሱ ጥላ ስር ተቀመጥን። ጢማቸውን ሂና የተቀቡ አንድ ሽማግሌ መሃል ሆኑ። አማቾቹ በግራና በቀኝ ናቸው፣ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ መሬት ያያል። ሽማግሌው ከአዋሽ ጀምሬ ያየሁትን፣ የሰማሁትንና ያልኩትን አንድ ሳላስቀር እንድናገር ጠየቁኝ።

ተናገርኩ። ያላላበውን መቶ አለቃ፣ ዝንጀሮዎቹን፣ ዳይሬክተሩን፣ መልማዩን፣ ሃምሳ አለቃውን፣ መጥረጊያውን። ቁርስ ላይ መቁረጤን፣ ምሳ ላይ መቁረጤን። መጀመሪያ ፈገግ አሉ፣ መጥረጊያው ጋ ስደርስ ወደ ሰማይ ያይ የነበረው አማች ወደ መሬት አየ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው ሲስቁ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ፊታቸውን ጠርገው ፈረዱ። ሁለቱም ዳጉዎች ንጹሕ ናቸው፣ የተሰጣቸውን ነው ያደረሱት። ጉድለቱ ያለው ያልበሰለ ነገር በሰጠው ልጅ ላይ ነው፣ በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ይዞ መጥቷል። አማቾቹ ተነሥተው እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ አንዱም ወዲያው ሚስቱ ጓዟን እንድትፈታ ልጅ ላከ። እኔ ሰው አስታርቄ የማውቅ ያህል ደረቴ ተነፋ።

መነፋቱ ግን አልቆየም። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው ጨርስልን አሉ። ወደ ዲቾቶ የሚሄዱ ሰዎች መኪና እየጠበቁ ነው፣ ወደ ሚሌና ወደ ጭፍራም የሚሄዱ አሉ፣ ጫፍ የሌለው ዳጉ አይሰደድም። ኮሌጅ ነው ወይስ ጦር? ከዚህ በኋላ የሚቀየር ነገር እንዳትነግረን አሉኝ።

ሁሉም አየኝ። ያን ጊዜ ሰመራ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ዛሬ አስፋልቱና ሕንፃው ያለበት ሜዳ ጥቁር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነበር፣ ነፋሱም ከዚያ ተነሥቶ ፊቴን ይገርፈኛል። ደስ ብሎኛል። ሸለቆው ሙሉ የእኔን ቃል እየጠበቀ ነዋ። ተነሥቼ ቆምኩ፣ ተረከዜን አጋጨሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ጦር የሚለውን የመረጥኩት ቆሞ ለመናገር ስለሚያምር ነበር። ኮሌጅ የሚል ሰው ተቀምጦ ነው የሚለው። አፌን ከፈትኩ።

አባቴ ቆይ አለ። እጁን በቤንዚን ጨርቅ እየጠረገ ከጎማው ላይ ተነሣ፣ መጥቶ በወጉ መሠረት ከሽማግሌው ፊት ለፊት ቁጢጥ አለ። እኔም ዳጉ አለኝ አለ። አባቴ በዚያ አገር ከኖረበት ጊዜ ሁሉ ዳጉ ሲቀበል እንጂ ሲሰጥ ያየ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ሳቃቸውን ሰበሰቡና ዓይኑ ምን እንዳየ፣ ጆሮው ምን እንደሰማ ጠየቁት።

"የሰማሁትን አልናገርም፣ ያየሁትን ብቻ ነው" አለ አባቴ። "ወደ ላይ፣ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄደው የወታደር መኪና እዚህ ይቆማል። ጎማውን የምነፋው እኔ ነኝ። ልጆቹ ከላይ ሆነው ይዘፍናሉ፣ የዚህ ልጅ እኩያ ናቸው፣ ውሃ አቀብላቸዋለሁ። ሲመለስም የምነፋው እኔ ነኝ። ነፋሱን ለመመጠን ጭነቱን ማወቅ አለብኝና ባለፈው የአንዱን ሸራ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ጫማ ነው። እስከ አፉ ድረስ ጫማ ነው የጫነው። ባለቤቶቹ የት እንዳሉ አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ፈራሁ፣ ልጄ። ወላሂ ፈራሁ። ኮሌጅ ግባልኝ።"

ተረከዞቼ እንደተጋጠሙ ነበሩ፣ ቀስ ብዬ አላቀቅኋቸው። አባቴ እንደሚፈራ አውቅ ነበር፣ ሁሉም ሰው ይፈራ ነበር፤ እሱ ግን በሰው ፊት ፈራሁ ብሎ አያውቅም። ደግሞም ያን ቃል የሚናገር ሰው ያኔ ምን እንደሚደርስበት እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። ስለ ወታደር መኪና፣ ስለ ጭነቱ፣ ሸራ ገልጦ ስለማየት። ከዚህ ባነሰ ነገር ስንቱ ተወስዷል። ተቀመጥኩና ኮሌጅ አልኩ። የማይቀየር ነው አልኩ። ሽማግሌው ሰምተናል ብለው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፣ ሰዎቹም ወደየመኪናቸው ሄዱ።

ድንጋጤው ሙሉ በሙሉ የያዘኝ የዲቾቶው መኪና አቧራውን አስነሥቶ ከዓይኔ ሲጠፋ ነው። ዳጉ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። ዛሬ ዲቾቶ፣ ነገ ኤሊዳር፣ በዚህ በኩል ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ፤ በየኬላው ደግሞ አማርኛም አፋርኛም የሚሰማ ጆሮ አለ። ወደ አባቴ ሄጄ ለምን ተናገርክ አልኩት። ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ እየፈለገ ነበር።

"ዳጉ ላይ ይዋሻል እንዴ?" አለኝ።

መረቀኝ። ምርቃቱ ረጅም ነበር፣ በሕይወቱ ሙሉ ከተናገረው ሳይበልጥ አይቀርም። በማግስቱ ነዳጅ ጭኖ በሚመለስ ቦቴ ተሳፍሬ ወደ አዋሽ ተነሣሁ።

መንገዱን ሁሉ የሄድኩት ኬላ ኬላውን እያየሁ ነው። ሚሌ ላይ ገና ስንቆም አንድ አፋር ቁጭ በል ብሎ የራሴን ዳጉ ለራሴ ነገረኝ። አማቾቹ መታረቃቸውን፣ ሴትየዋ ጓዟን መፍታቷን፣ ሽማግሌው ሲስቁ ዱላቸው መውደቁን፣ መጥረጊያውን እንኳ አላስቀረም። አባትየው ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ፣ በእጁ የቤንዚን ጨርቅ ይዞ መጣ፣ ልጁን ለመነው፣ ልጁም እሺ ኮሌጅ አለ። የሚቀጥለውን ጠበቅኩ። ሰውዬው መፋቂያውን አፉ ውስጥ መልሶ ተነሥቶ ሄደ። ረስቶት ነው አልኩ። ከሚሌ ወዲህ ያገኘሁት ሌላውም እንዲሁ ሸሚዙንና ጨርቁን አለኝ፣ ልመናውን አለኝ፣ እዚያ ላይ ቆመ።

ገዋኔ ላይ ያንን ባለግመል እኩያዬን አገኘሁት። የሰጠሁትን ዳጉ ስለቀየርኩበት ይቆጣኛል ብዬ ነበር፣ እሱ ግን ስቆ ቁጭ አለና አንድ በአንድ ነገረኝ። ሲጨርስ ልፈትነው ፈለግሁ። ሌላስ አልኩት።

"ሌላ የለም። ሙሉ ነው" አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ያኔ ገባኝ። ማንም አልመከረም፣ ማንም አላዘዘም፤ እኔ እዚያው ቆሜ ነበርና አይቻለሁ። የጠፋች ግመል ቀለም ቢያስቀሩ የሚቀጡ ሰዎች፣ አንድ መኪና ሙሉ ጫማ አስቀርተው ነበር። ለአንድ የወሎ ጎሚስታ ሲሉ። ከግመሎቹ መሃል ቆሜ ሳቄ መጣ፣ ከሳቁም ጋር እንባዬ መጣ፣ ልጁ ደግሞ አይቶ እንዳላየ ሆነልኝ። ቀሪውን መንገድ የቦቴውን ሾፌር በዘፈን አደነቆርኩት።

መኮንን ሳልሆን ቀረሁ። ኮሌጅ ገብቼ ሂሳብ ያዘኝ፣ አስተማሪ ሆንኩ፣ ያረፈደ ተማሪ ዛሬም ተረከዜን አጋጭቼ ነው የምቀበለው። ከአዋሽ በመልማዮቹ መኪና የሄዱት እኩዮቼ ከላይ ሆነው እየዘፈኑ ነው የሄዱት፤ ሰሜን ምን እንደገጠማቸው አላየሁም።

ያኔ ከሎጊያ ተመልሼ አዋሽ ስደርስ የእናቴ ምግብ ቤት ሙሉ ነበር፤ ሾፌሮች፣ የባቡር ተሳፋሪዎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ከቀበሌ ሁለት ሰዎች ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። እናቴ ኮሌጁንም፣ የአማቾቹንም እርቅ ከእኔ በፊት ሰምታለች፤ ፍየል አቅራቢው አባት ጠዋት ነግረዋታል። እሷን የገረማት ሌላ ነገር ነው። አባቴ፣ እሷን እንኳ ለምኖ የማያውቀው ሰው፣ በሰው ፊት ልጁን መለመኑ ነው። ጭልፋውን እንደያዘች መጥታ ከፊቴ ቆመች።

"አባትህ ለመነህ አሉኝ። አፈር ስሆን፣ ምን ብሎ ለመነህ?"

"ፈራሁ አለኝ" አልኳት።

"ሌላስ?"

ጥግ ያሉት ሰዎች ሻያቸውን አስቀምጠው ነበር።

"ሌላ የለም" አልኩ። "ሙሉ ነው።"

እናቴ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ጭልፋውን ለእኔ ሰጥታኝ፣ ለአባቴ የምትልከውን በርበሬ ልትቋጥር ወደ ጓዳ ገባች።